የደጋ ልብስና የ25 ዶላር ነገር፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ

ወደ ጎጃም ደጋ ለመሄድ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መኪናውና ስለ ማደሪያው ነው። እኔ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ስለ ልብስ እጀምራለሁ። በዚያ አገር መኪና ያጣ ሰው በእግሩ ይደርሳል፤ ማደሪያ ያጣም ከሰው ቤት ይጠጋል። ሳይዘጋጅ ጮቄ ላይ የመሸበት ሰው ግን እስኪነጋ ድረስ የሚያስበው ስለ ልብሱ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ማልደው ቢነሡ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አልፈው ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ነፋሱ ገና ይቆነጥጣል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በመጀመሪያ ካፖርትዎን ያወልቃሉ፤ ጥቂት እንደሄዱ ሹራብዎን ያወልቃሉ፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ድልድይ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ሸሚዝዎም ይከብድዎታል። ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ያወለቁትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰው ይለብሳሉ። ሉማሜን አልፈው፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ፀሐይ ያዘቀዘቀች እንደሆነ የደረቡት እንኳ እንደማይበቃዎት ይረዱታል። እኔ ከአንድ መንገድ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ልብስ ያወለቅሁበትንና የለበስሁበትን ሌላ አገር አላስታውስም።

በ2015 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል ደብረ ማርቆስ ለመዋል ስነሣ አብሮኝ የነበረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር። ጉዞው ከዓመት በፊት ታስቦ የነበረ ነው፤ ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ልጁ ደጀን ላይ ከሻንጣው አንድ ሰማያዊ ጃኬት አውጥቶ ለበሰ። ጃኬቱ ሲያዩት ቀጭን፣ ሲነኩት ደግሞ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነው። ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ተብሎ የተሠራ፣ ነፋስም ዝናብም የማያሳልፍ መሆኑን አስረዳኝ።

«ስንት ገዛኸው?» አልሁት።

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ ተወው፤ 25 ዶላር መልሰውልኛል» አለኝ።

እኔ የጠየቅሁት የከፈለውን ነው፤ እሱ የነገረኝ የተመለሰለትን ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚች መልስ ነው፤ ከዚያ እስከ ማርቆስ ድረስ ሌላ ወሬ አላወራንም።

እንደነገረኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። በእርሱ ኪስ ያለው ካርድ እኛ ከባንክ እንደምንቀበለው ካርድ በሒሳብ ውስጥ ያለውን ገንዘብ የሚያወጣ አይደለም። የዱቤ ካርድ ነው፤ እነሱ ክሬዲት ካርድ ይሉታል። ዛሬ ባንኩ ለሻጩ ይከፍላል፤ ገዢው በወሩ መጨረሻ ለባንኩ ይከፍላል። በወሩ ሙሉውን ከከፈለ ወለድ የለበትም፤ ካልከፈለ ወለዱ ይጀምራል። ሰውን ወደዚህ ካርድ ለመሳብ ደግሞ ባንኩ ከተገዛው ዕቃ ዋጋ ጥቂት ፐርሰንት ለገዢው ይመልሳል። ይህንን ካሽባክ ይሉታል። በተለመደው ግዢ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ለተለየ ዕቃ ወደ 5 በመቶ ከፍ ይላል፤ ከአንድ ሱቅ ጋራ ተዋውለው ሲያውጁት ደግሞ 10 በመቶም ይደርሳል። ልማዱ የትናንት አይደለም። ሲርስ የተባለው ታላቅ የሱቆች ኩባንያ ዲስከቨር የተባለውን ካርድ በ1986 እ.ኤ.አ. በአገሩ ሁሉ ሲያወጣ ገንዘብ የመመለሱን ነገር ዋና ማባበያው አድርጎት ነበር።

አሁን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ባንክ ገንዘብ ከሰማይ አያወርድም። ሻጩ በካርድ በተከፈለው በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ለካርዱ ወገኖች 2 በመቶ ገደማ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይከፍላል። ሻጭ ደግሞ ይህንን ከትርፉ ላይ ቆርሶ ዝም የሚል አይደለም፤ በዕቃው ዋጋ ላይ ያስገባዋል። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ድኻ በካርድ ለሚገዛው ሰው ተመላሽ ጥቂት ያዋጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ምንጭ ዕዳቸውን በወሩ ያልከፈሉ ሰዎች የሚከፍሉት ወለድ ነው፤ ይህም በአሜሪካ በአሁኑ ዘመን በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው።

እርሳሴን አወጣሁ። የአክስቴ ልጅ ያስፈለገው ጃኬት ዋጋው 180 ዶላር ነበር። ማስታወቂያው ግን «250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለገዛ 25 ዶላር ይመለስለታል» ይላል። ስለዚህ 250ን ለመሙላት ሲል የ75 ዶላር የሱፍ ሹራብ ጨመረበት። ሁለቱ 255 ዶላር ሆኑ፤ 25 ተመለሰለት፤ ከኪሱ የወጣው 230 ነው። ሹራብ የለውም እንዳልል የለበሰው ሌላ ሹራብ ነበር። 25 ለማግኘት 75 አወጣ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ «ሹራቡ ግን ቀርቶልኛል እኮ» አለ። ይህም እውነት ነው፤ ሹራቡ ከነወረቀቱ በሻንጣው ውስጥ አለ።

ደብረ ማርቆስን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ከተማይቱ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው አደረጓት፤ አዲሱን ስሟንም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል ከፍታዋ። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥልባታል፤ ከዚህም የሚበዛው በክረምት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ዝናቡ የለም፤ ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ስለዚህ ለከተማይቱ ሁለት ዓይነት ልብስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለዝናብ፣ አንዱ ለደረቅ ብርድ። ይህንን ልዩነት ያስተማረኝ ገበያው ነው።

በማግሥቱ ጋቢ ልገዛ ወጣሁ። ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ የሚሰፋ ጥጥ ነው፤ ነጠላ ሁለት ነው፤ ቡሉኮ ደግሞ ከጋቢ ይከብዳል፤ ሌሊት ለመተኛት የሚወደደው እሱ ነው። ዛሬ ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ በእንዝርት የተፈተለ ብዙ አለ፤ ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለውን ለማወቅ ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ማሸት ነው፤ የእጁ ሸካራና ወፍራም ነው። ዋጋውም ይለያያል። ነጋዴዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ።

«ስንት ነው፣ እትዓለም?»

«ለአንተ 2,200 ነው፣ ወንድምዓለም።»

«1,500 ይሁን።»

«ፈታይዋን ምን ልበላት?»

እንዲህ ስንባባል ቆይተን በ1,800 ተስማማን። ብሩን ቆጥሬ ስሰጣቸው፣ «መርቁልኝ እንጂ» አልኋቸው። ሴትዮዋ ከዕቃቸው ሥር አንዲት በእጅ የተሠራች የራስ ቆብ አውጥተው ጨመሩልኝ፤ ከዚያም በቃላቸው ደግሞ መረቁኝ። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ምርቃት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያይ «ይኸው የእናንተ ካሽባክ!» አለ።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የገበያዋ ምርቃት የምትመጣው ዋጋው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው፤ እኔ አስቀድሜ አላሰብኋትም፤ ስለ እርሷ ብዬ ሁለተኛ ጋቢ አልገዛሁም። የካርዱ ተመላሽ ግን ሰው ወደ ሱቁ ሳይገባ ይነገረዋል፤ የሚነገረውም የሚያስፈልገውን ሳይሆን ከሚያስፈልገው በላይ እንዲገዛ ነው። ደግሞም ከሴትዮዋ ጋራ 400 ብር በክርክር አስቀንሻለሁ፤ ይህም ከመቶ 18 ያህል ነው፤ የትኛውም ካርድ እንዲህ አይመልስም። እርግጥ ነው፣ 2,200 ያሉት እንደምከራከር ዐውቀው ነው፤ ስለዚህ ቅናሹን ሁሉ እንደ ትርፍ መቁጠር የለብኝም። ይህን ለመጻፍ ያስገደደኝ እውነተኛነት ነው።

የከተራ ማታ ታቦታቱ ወደ ማደሪያቸው ወርደው ሕዝቡ በዙሪያቸው ሲያድር አብረን አደርን። ጋቢ ምን ማለት እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው ያንን ሌሊት ማየት አለበት። ሽማግሌው ፊቱን ሳይቀር ተከናንቦ ተቀምጧል፤ እናት ከልጇ ጋራ በአንድ ጋቢ ውስጥ ናት፤ ወጣቶቹ ሲጨፍሩ ይጥሉታል፣ ሲደክማቸው ይለብሱታል። የአክስቴ ልጅ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ወገቡ ድረስ ሞቀው፤ ከወገቡ በታች ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አክስቴ ከራሷ ቡሉኮ ግማሹን አለበሰችው። ያን ጊዜ ስለ 25 ዶላሩ የሰማች ኖሮ፣ «እኔ የምለው፣ ልጄ፣ ሊመልሱልህ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ወሰዱብህ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ሊያስረዳት ጀምሮ መሐል ላይ ተወው።

ከበዓሉ በኋላ ወደ ጮቄ ወጣን። ከደብረ ማርቆስ ወደ ድጓ ጽዮን የሚወስደው መንገድ በረቡዕ ገበያ አድርጎ ሽቅብ ይሄዳል። በታች ጤፍና ስንዴ የነበረው ማሳ እየቆየ ገብስና ድንች ይሆናል፤ ከዚያ ባሕር ዛፉ ያልቅና አስታ ይመጣል፤ በመጨረሻም ጓሳውና ሰው የመሰለው ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጨሞጋና ሙጋ፣ ሌሎችም ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚነሡት ከዚህ ነው። ጠዋት በጓሳው ላይ ያለው ውርጭ በጫማ ሲረገጥ ይሰበራል።

እዚያ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጃኬቱ ያለኝን አሳብ አሻሻልሁ። ነፋሱ ሲመጣ ጋቢዬን እንደ ባንዲራ አንሥቶ አውለበለበው፤ ብጠቀለልም በክሩ መካከል እየገባ አጥንቴን አገኘው። የአክስቴ ልጅ ግን ቆሞ አገሩን ያይ ነበር። ጥጥ ሌሊት በተቀመጡበት ያሞቃል፤ በነፋስ ፊት ሲቆሙ ግን አቅም የለውም፤ ከራሰ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ያጣል። የደጋው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ጋቢን ብቻ አምኖ አይወጣም። በጎች የሚጠብቅ አንድ ልጅ አገኘን፤ በትከሻው ላይ ደበሎ ጣል አድርጓል፤ የበግ ለምዱ ጠጉሩ ወደ ውስጥ ነው። በክረምትስ ምን ትለብሳለህ ብለን ብንጠይቀው ገሳ አለን። ገሳ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ መከላከያ ነው፤ ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ሥራው በትክክል የዚያ ሰማያዊ ጃኬት ሥራ ነው። ልጁ ጃኬቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ይኼስ እሳት ዳር ሲቀመጡበት አይቀልጥም?» ብሎ ጠየቀ። የአክስቴ ልጅ እንደሚቀልጥ አመነ።

እንግዲህ ጃኬቱ መልካም ዕቃ ነው፤ 180 ዶላርም ያወጣል እንበል። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ተመላሹ ነበርና መልሱን ያገኘሁት በዚያው ሌሊት ነው። ከተራራው ሥር ከአንድ ገበሬ ቤት አድረን፣ ከምድጃው ዳር ተኝተን ሳለ ልጁ በጨለማ ውስጥ ማውራት ጀመረ። ጃኬቱንና ሹራቡን የገዛው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ሊመጣ ስላሰበ። ጉዞው ቀረ፤ ዕዳው ግን አልቀረም። በዚያው ካርድ ጫማም፣ የጀርባ ቦርሳም፣ ሻንጣም በእንደዚሁ ያለ ማስታወቂያ ገዝቶ ነበርና በየወሩ የሚከፍለው ከዝቅተኛው መጠን አላለፈም። የካርዱ ወለድ በዓመት 22 በመቶ ነው። እኔም ጣራውን እያየሁ በልቤ አሰብሁት፤ 255 ዶላር አንድ ዓመት ሳይከፈል ቢቆይ ወለዱ 56 ዶላር ነው። የተመለሰለት 25 ነው።

ከዚያ ጸጥ አለና፣ «ጋሼ፣ የእምዬን ቤት ክዳን አየኸው?» አለኝ። አይቼዋለሁ። ቆርቆሮው ዝጎ በሁለት ቦታ ውሃ ያስገባል፤ በክረምት ከሥሩ ሳፋ ይቀመጣል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ልልክ ነው ሲል ሁለት ክረምት አልፎት ነበር። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችበትም። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ ዝም አልሁ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለታችንም እንቅልፍ ወሰደን፤ የተኛነውም በእኔ ጋቢ ሥር ነው።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች በተለይ ይህን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ካርዳችሁን በየወሩ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የምትከፍሉ ከሆነ፣ ዕቃውንም ማስታወቂያውን ከማየታችሁ በፊት ልትገዙት አስባችሁ የነበረ ከሆነ፣ ተመላሹን ተቀበሉ፤ በእጃችሁ የገባ ገንዘብ ነው። ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ይቅርባችሁ። ለሞቀ ልብስ ደግሞ ከካርዱ የሚሻል መንገድ አለ፤ በዚያ አገር የክረምት ጃኬት ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ዋጋው ከሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ሲወርድ ይታያል። በ1938 እ.ኤ.አ. በሲያትል ተራራ ወጪዎች ያቋቋሙት አር ኢ አይ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበርም በሙሉ ዋጋ ከገዙት አባላቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ያህል በዓመት አንድ ጊዜ ይመልስላቸዋል፤ ይህንን ለማግኘት ዕዳ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ነገር ግን እዚያም የሚመለሰው በዚያው ሱቅ እንዲገዙበት ነውና ዞሮ ዞሮ ሌላ ካልሲ ያስገዛል።

በአገር ቤት ላለነው ነገሩ ገና እንግዳ ይመስላል፤ የዱቤ ካርድ በእኛ ዘንድ አልተለመደምና። ሆኖም እየቀረበን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስልክ የሚከፍል ሰው ተጨማሪ ስጦታ ሲባልለት ሰምተናል፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋራ ሆኖ መላ የተባለውን የስልክ ብድር አመጣ። ስጦታውና ብድሩ በአንድ ስልክ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኔ ያቺን ሰማያዊ ጃኬት አስታውሳለሁ። ለእኛ ግን ከተመላሹ ይልቅ ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ በሚመጣ ጃኬት ላይ 5 በመቶ ቢመልሱልን ከዚህ አጠገብ ምን ይታያል? ጥጡ ከመተማና ከቋራ ቆላ መጥቶ በእንዝርት የተፈተለው ጋቢ እንኳ በዚያው ሰሞን ዋጋው አልቆመም።

ልብሱን ከመግዛትዎ በፊት ግን ስለ መንገዱ ይጠይቁ። እኛ ከተመለስን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነም፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋርጦ ነበር። አክስቴን ድምፅዋን ለመስማት የቻልነው በተራ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር።

በዚያ ጥሪ ነው የሰማሁት። ልጇ ዕዳውን ከፍሎ ካርዱን ከቦርሳው አውጥቶ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። የቆርቆሮውም ገንዘብ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደርሶ ጣራው ተከድኗል። ያንን ከነወረቀቱ የነበረውን የ75 ዶላር ሹራብ ደግሞ ሲሄድ ለእርሷ ትቶላት ኖሮ፣ ጠዋት ለኪዳን ስትሄድ ከቀሚሷ በላይ፣ ከጋቢዋ በታች ትለብሰዋለች። እጅጌው ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች።